በጓሮ ስለሚበቅል ንጹሕ አትክልት

ሰው ለመኖር ምግብ እንደሚያስፈልገው ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን የሚበላ ነገር ሁሉ ለጤና ይስማማል ማለት አይደለም። ምግብ ንጹሕ ካልሆነ ኃይል በመስጠት ፈንታ ደዌን ያመጣል። ቀድሞ የገጠር ሰው የሚበላውን ራሱ ዘርቶ ራሱ ያጭድ ስለ ነበር ምግቡ ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም ነበር። ዛሬ ግን ከተሞች እየሰፉ ስለ ሄዱ ብዙ ሰው አትክልቱንም ወተቱንም በርበሬውንም ከገበያ ገዝቶ ይበላል፤ ማን እንዳበቀለው፥ በምን ውኃ እንደ ጠጣ፥ በምን ስፍራ እንደ ተቀመጠ አያውቅም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ነገር እንመለከታለን፤ ይኸውም ምግብ በምን እንደሚበከል፥ የጓሮ አትክልት ከዚህ ጉዳት ምን ያህል እንደሚያድን፥ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አገርም ምን ሊተከል እንደሚገባ ነው።

በአዲስ አበባ ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚባሉ ወንዞች አሉ። እነዚህ ወንዞች ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲወርዱ የፋብሪካ እጣቢና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይቀላቀልባቸዋል። በዳርቻቸውም ገበሬዎች ሰላጣ፥ ቆስጣና ጎመን በዚያው ውኃ እያጠጡ ለገበያ ያቀርባሉ። ሊቃውንት ቅጠሎቹን በመረመሩ ጊዜ ካድሚየም፥ ክሮሚየምና እርሳስ የሚባሉትን ብረቶች አግኝተውባቸዋል፤ ሰላጣና ቆስጣም ከጥቅል ጎመን ይልቅ ብረቱን አብዝተው እንደሚስቡ ተረድተዋል። ይህን መናገራችን ገበሬዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ውኃውን ያቆሸሹት እነርሱ አይደሉምና።

እንግዲህ በቆሸሸ ውኃ የሚመጣው ጉዳት ሁለት ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይገባል። አንደኛው በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንና የወስፋት ዕንቁላል ነው። ይህ ጉዳት ቅጠሉን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ በማጠብ ይቀንሳል፤ በደንብ በመቀቀል ደግሞ ይጠፋል። ሁለተኛው ግን ከላይ የተናገርነው ብረት ነው። ብረቱ በሥሩ ገብቶ ከቅጠሉ ሥጋ ጋር ስለሚዋሐድ ቢያጥቡትም አይለቅም፥ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። በሰውነት ውስጥም ቀስ በቀስ እየተጠራቀመ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ ያደክማል። ስለዚህ የዚህ ዓይነቱ ጉዳት መድኃኒት ከወጥ ቤት ሳይሆን ከእርሻው ስፍራ ይገኛል።

ከውኃ ሌላ ሻጋታም ምግብን ይመርዛል። በ2008 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰበው 110 የወተት ናሙና ውስጥ በሁሉም አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ እንደ ተገኘ፥ የአውሮጳ አገሮች ከወሰኑት መጠን ያላለፈውም 9ኙ ብቻ እንደ ሆነ አስታወቀ። መርዙ ወደ ወተቱ የገባው እንደ ምን ነው ቢሉ፥ ላሞቹ የበሉት የኑግ ፋጉሎ ሻግቶ ስለ ነበር ነው። ይህም መርዝ ወተቱን በማፍላት አይጠፋም። እንዲሁም በርበሬ በእርጥብ መሬት ላይ ሲሰጣ ይሻግታል። የሻገተ ነገር ለሰውም ለከብትም መስጠት አይገባም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ፋብሪካዎች በዝተውባታል። ይህ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል፤ ነገር ግን በከተማዪቱ አጠገብ አልፎ ወደ ጀማ የሚወርደው የበሬሳ ወንዝ የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ይቀበላል። ስለዚህ በአቃቂ የሆነው በእኛም እንዳይሆን ከአሁኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጓሮው የራስ ቢሆንም ውኃው ከቆሸሸ ወንዝ የተቀዳ እንደ ሆነ፥ በቤት የበቀለው ጎመን ከገበያው አይሻልም።

መንግሥት በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለውን ሥራ በአርባ ምንጭ ማስጀመሩ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ወተትን፥ ዕንቁላልን፥ ማርንና ሥጋን አብዝቶ እንዲያመርት ነው። የጓሮ አትክልትም ለዚህ ረዳት ነው። ገብስና ስንዴ ሆድን ይሞላሉ፤ ነገር ግን ለዓይንና ለደም የሚያስፈልገው ነገር ከቅጠልና ከካሮት ይገኛል። የጓሮ መደብ የእህልን እርሻ ሊተካ አይችልም፤ ሆኖም የልጆችን ወጥ ሊያሟላ ይችላል።

መደብ ሲዘጋጅ ይህን መጠበቅ ይገባል። ከመጸዳጃ ቤትና ከመኪና መንገድ የራቀ፥ ፀሐይ የሚያገኘው ስፍራ ይመረጥ። ውኃው ከምንጭ፥ ከጉድጓድ ወይም ከቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ ይሁን፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን ስለሚያጥብ ይፍሰስ። የከብት እበት ትኩስ ሆኖ አይደረግ፤ ከአመድና ከገለባ ጋር ተከምሮ ቢያንስ ሦስት ወር ይብላላ። በአገራችን እበት ሁሉ ኩበት ሆኖ ስለሚነድ መሬቱ ይራባል፤ ስለዚህ ከሚጠፈጠፈው ጥቂቱን ለጓሮ ማስቀረት መልካም ነው። መሬት የሌለው የከተማ ሰው ደግሞ በጆንያ ወይም በአሮጌ ባልዲ አፈር ሞልቶ፥ ከታች ውኃ ማውጫ ቀዳዳ አብጅቶ መትከል ይችላል።

የደብረ ብርሃን ጠላት ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ቲማቲምና ቃሪያ ይቃጠላሉ። ጎመን፥ ነጭ ሽንኩርት፥ ካሮትና ቀይ ሥር ግን ብርዱን ይችላሉ። ውርጭ በሚያሠጋበት ማታ መደቡን በገለባ ወይም በጆንያ ሸፍኖ ጧት መግለጥ ይጠቅማል። ድንች ለደጋ የሚስማማ ቢሆንም ቅጠሉ ውርጭ ስለማይችል በክረምት አብቅቶ ቀድሞ መቆፈር ይሻላል። ድንቹም በፀሐይ እንዳይመታ አፈር ይታቀፍ፤ አረንጓዴ የሆነው ሶላኒን የሚባል መርዝ ስላለበት አይበላም፥ በመቀቀልም አይድንም።

የአንኮበር ነገር ከዚህ ይለያል። አንኮበር ዓፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት መዲና የነበረች፥ በገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚያ ከውርጭ ይልቅ የሚያስቸግረው ጎርፍ ነው፤ ስለዚህ መደቡ በተዳፋቱ አግድም እንጂ ቁልቁል አይቀደድ፥ በድንጋይ እርከንም ይደገፍ። ከአፋፉ ወደ አልዩ አምባ በወረዱ መጠን አገሩ ይሞቃል፤ በደጋው እንቢ ያለው ቃሪያና ቲማቲም በታች ይበቅላል። እንዲህ ስለ ሆነ ደገኛው ለቆለኛው፥ ቆለኛውም ለደገኛው የሚሰጠው አያጣም።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ የተማራችሁትን ለእናት ለአባታችሁ ንገሩ፤ በትምህርት ቤታችሁም ግቢ አንዲት መደብ አበጁ። የራሱን ጎመን ያበቀለ ሰው ጎመኑ ምን እንደ ጠጣ ያውቃል። ደግሞም የወንዙ ንጽሕና የሁላችን መሆኑን አትርሱ፤ ቆሻሻን ወደ በሬሳ የሚጥል ሰው በጎረቤቱ ማዕድ ላይ እንደ ጣለ ይቈጠራል።

ጥያቄ

1. በመቀቀል የሚጠፋው ጉዳት የትኛው ነው? የማይጠፋውስ?
2. በቤታችሁ አትክልት የሚጠጣው ውኃ ከየት ይመጣል?
3. በደብረ ብርሃን ድንች በክረምት እንዲበቅል የሚመረጠው ስለ ምን ነው?
4. ትኩስ እበት በአትክልት ላይ የማይደረገው ስለ ምን ነው?