ያውቁ ኖሯል? የቬንትሌተር ሞዶችና ስሞቻቸው፣ ከጭሮ እስከ ሐረር

ያውቁ ኖሯል? አንዱ የቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) አሠራር፣ ማለትም ሞድ፣ በአራት ዓይነት ማሽኖች ላይ አራት ስም አለው። ሰርቮ «ፒአርቪሲ» ይለዋል፣ ድሬገር «ኦቶፍሎው»፣ ፒዩሪታን ቤኔት «ቪሲ ፕላስ»፣ ሃሚልተን ደግሞ «ኤፒቪ»። የታዘዘውን የአየር መጠን ዝቅ ባለ ግፊት ለማድረስ ሁሉም ግፊቱን ከትንፋሽ ትንፋሽ ራሳቸው ያስተካክላሉ።

አሜሪካዊው ሮበርት ቻትበርንና ባልደረቦቹ ይህን የስም ጫካ ለመመንጠር ሞዶችን ሁሉ በጥቂት ጥያቄዎች መደቧቸው። ማሽኑ የሚቆጣጠረው የአየሩን መጠን ነው ወይስ ግፊቱን? ትንፋሹን የሚጀምረውና የሚጨርሰው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ካለ የንግድ ስሙ ቢቀርም ብዙ አይጎዳም።

«አሲስት ኮንትሮል» ላይ ሕመምተኛውም ቢጀምር ማሽኑም ቢጀምር የሚገባው ሙሉ የታዘዘ ትንፋሽ ነው። «ፕሬዠር ሰፖርት» ላይ ግን እያንዳንዱን ትንፋሽ የሚጀምረው ሕመምተኛው ብቻ ነው። ትንፋሹ ከቆመ የሚያድነው የማሽኑ ማስጠንቀቂያና ተጠባባቂ ሞድ ነው።

«ባይፓፕ» ሲባል ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? በድሬገር ማሽን ላይ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ለገባለት ሕመምተኛ በሁለት የግፊት ደረጃ የሚሠራ ሞድ ነው። በሌላ ቦታ ደግሞ በማስክ የሚሰጥ እርዳታ ነው፤ ስሙም የሬስፒሮኒክስ ኩባንያ የንግድ ስም ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የቁጥሩ ነገር ነው። በማስክ ማሽን «15 በ5» ከተባለ፣ ሲያስገባ ግፊቱ 15፣ ሲያስወጣ 5 ማለት ነው። በብዙ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ማሽኖች ላይ ግን ድጋፉ የሚቆጠረው ከታችኛው ግፊት፣ ከ«ፒፕ» በላይ ነው። ስለዚህ ያው ሕክምና እዚያ «ሰፖርት 10፣ ፒፕ 5» ተብሎ ይጻፋል። ተረካቢው «15» የሚለውን ሰምቶ ሰፖርቱን 15 ካደረገው የላይኛው ግፊት 20 ይሆናል። ከጭሮ ሪፈር የተባለ ሕመምተኛ በሂርና፣ በጨለንቆና በቁልቢ አድርጎ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሲደርስ፣ አብሮት የሚደርሰው ወረቀት ላይ የሞዱ ስም ብቻ ከሰፈረ አይበቃም። የማሽኑ ዓይነት፣ የላይኛውና የታችኛው ግፊት፣ የአየሩ መጠን፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ፣ ኦክስጅኑ ስንት ከመቶ፣ ሁሉም መጻፍ አለበት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

በአምቡላንሱ ውስጥ ቬንትሌተር ከሌለ ቬንትሌተሩ የባለሙያው እጅ ነው። በእጅ የሚጨመቀው የትንፋሽ ከረጢት፣ አምቡ ባግ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ዴንማርክ ውስጥ ሲወጣ መብራትም ሲሊንደርም ሳይፈልግ በመጨመቅ ብቻ የሚሠራ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ስትመታ፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ባመጣው ዘዴ ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ከረጢት እየጨመቁ የሕሙማኑን ትንፋሽ አቆይተዋል። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚያ ተወለደ።

የአየሩ መጠን የሚሰላው በሚዛን ሳይሆን በቁመት ነው፤ ሰው ቢወፍርም ሳንባው አያድግም። ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወንድ ሳንባው ክፉኛ ሲታመም በአንድ ትንፋሽ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ 160 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሴት 315 ገደማ ይበቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የ861 ሕሙማን ጥናት እንዳሳየው፣ መጠኑን በእጥፍ ከመስጠት ይልቅ እንዲህ ማሳነሱ ሞትን ከ40 ከመቶ ገደማ ወደ 31 ከመቶ አወረደው። እናም አልጋው አጠገብ ሜትር ይኑር!

አየሩስ? ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ማሽኑ ጭሮ ላይ «40 ከመቶ ኦክስጅን» ቢል፣ ሳንባ የሚያገኘው ጅቡቲ ወደብ ላይ 32 ከመቶ ገደማ ሲሰጥ ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። ቆላው ላይ ያለችው ሚኤሶ በሁለቱ መካከል ትቆማለች።

በመጨረሻ ሕፃናት። «ባብል ሲፓፕ» የተባለው ሞድ ውድ ማሽን አይፈልግም። ሕፃኑ የሚያስወጣበት ቱቦ ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀ የሚፈጠረው ግፊት 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ነው፣ የሳንባ ከረጢቶቹም እንዳይጣበቁ ይይዛቸዋል። ውሃው እየተነነ ጥልቀቱ ከቀነሰ ግፊቱም ይቀንሳል፣ አረፋው ከቆመም አየር የሚያመልጥበት ቦታ መፈለግ አለበት፤ ስለዚህ ዐይን ከጠርሙሱ አይነቀልም። ኢትዮጵያ ውስጥ በ12 ጠቅላላ ሆስፒታሎች፣ ከባድ የሳንባ ምች በያዛቸውና ኦክስጅን ባነሳቸው ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ታትሟል። ባብል ሲፓፕ በሰጡት ሆስፒታሎች፣ በአፍንጫ ቱቦ ኦክስጅን ብቻ ከሰጡት ይልቅ የሞቱት ሕፃናት በጣም ጥቂት ነበሩ። ለጭሮና ለገለምሶ ሆስፒታሎች፣ ከአዲስ ማሽን ግዢ በፊት ይህን ያህል የሚቀርብ ነገር የለም፤ ኦክስጅኑ ይኑር፣ ሐኪሙና ነርሷ ይሠልጥኑበት፣ ጠርሙሱ ላይ የሳንቲ ሜትሩ ምልክት በግልጽ ይጻፍ።