ከፀጉር ቤት የተነሣው ዜማ

የባርበርሾፕ (የፀጉር ቤት) ዜማ ሲባል አሜሪካዊው ሁሉ ለረጅም ዘመን የሚያስበው አንድ ሥዕል ነበር፤ ባለ መስመር ሰደርያ የለበሱ፣ የገለባ ባርኔጣ የደፉ አራት ነጭ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ያለ አንዳች መሣሪያ ሲያዜሙ። ሥዕሉን በሰው አእምሮ ውስጥ በማጽናት የቱልሳ ሰዎችን የሚያህል የለም። በ1938 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኦክላሆማዋ ቱልሳ ከተማ የሚኖሩት የታክስ ጠበቃው ኦ. ሲ. ካሽና የባንክ ባለሙያው ሩፐርት ሆል እየጠፋ ነው ያሉትን የልጅነታቸውን ዜማ ለማዳን ወዳጆቻቸውን ጠሩ። ኤፕሪል 11 ቀን 26 ሰዎች በአንድ ክለብ ሰገነት ላይ ተሰብስበው አዜሙ። ብዙም ሳይቆይ በሌላ ስብሰባቸው 150 ያህል ሰው ተገኘ፤ ድምፁን የሰማ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ መንገዱ ተዘጋ፤ ወሬውም በጋዜጣ አገር ለአገር ተዳረሰ። ዛሬ የባርበርሾፕ ኅብረ ዜማ ማኅበር የሚባለው የተወለደው ከዚያ ነው።

ሦስት ዓመት እንዳለፈ አንድ ነገር ሆነ። በኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ሻንጣ የሚሸከሙ ጥቁር ሠራተኞች ያቋቋሙት ግራንድ ሴንትራል ሬድ ካፕስ የተባለ ኳርቴት (የአራት አዚያሚዎች ቡድን) የከተማውን ውድድር አሸነፈ። ወደ ሴንት ሉዊስ ሄዶ በአገር አቀፉ መድረክ መቅረብ ይገባው ነበር። ማኅበሩ ግን ጥቁሮች ስለሆኑ ከለከላቸው። የቀድሞው የኒው ዮርክ ገዥ አል ስሚዝና የከተማዋ ባለሥልጣን ሮበርት ሞዝስ ድርጊቱን ተቃውመው ከማኅበሩ ወጡ። በሩ ለጥቁሮች የተከፈተው በ1963 ነው።

በዚያን ጊዜ ሊነሣ የሚገባው አንድ ጥያቄ ነበር። የነጮች ቅርስ ነው በተባለ ዜማ እነዚህ ሻንጣ ተሸካሚዎች ከተማውን ሁሉ እንዴት ሊበልጡ ቻሉ? ከየት ተማሩት?

መልሱን የፈለገው ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊን አቦት የተባለ የኒው ኦርሊንስ ተመራማሪ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ራሳቸው ያሳተሟቸውን አሮጌ ጋዜጦች፣ የሙዚቀኞችን ትዝታና ቃለ መጠይቅ በትዕግሥት አንድ በአንድ ያገላብጥ ጀመር። የሚያገኘው ምስክር ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ጥቁሮቹ፣ ያመለክት ነበር። ሉዊ አርምስትሮንግ በልጅነቱ በኒው ኦርሊንስ ጎዳናዎች ላይ ከጓደኞቹ ጋር በኳርቴት አዚሟል። ጄሊ ሮል ሞርተንም፣ የብሉዝ አባት የሚባለው ደብልዩ. ሲ. ሃንዲም፣ የራግታይሙ ስኮት ጆፕሊንም እንዲሁ በኳርቴት አዚመዋል። እነዚህ ሰዎች ስማቸው በጃዝ፣ በብሉዝና በራግታይም ታሪክ ውስጥ ስለገነነ፣ በወጣትነታቸው አራት ሆነው ስላዜሙት ዜማ የጠየቃቸው ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጨው የጄምስ ዌልደን ጆንሰን ምስክርነት ነው። ይህ ታላቅ ጸሐፊ በ1925 ባሳተመው የጥቁር አሜሪካውያን መንፈሳዊ መዝሙሮች መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ፀጉር ቆራጮቹ ጥቁሮች ብቻ በነበሩበት ዘመን እያንዳንዱ ፀጉር ቤት የራሱ ኳርቴት እንደነበረው፣ ወጣቶቹም ትርፍ ጊዜያቸውን ጊታር እየመቱና ድምፅ ከድምፅ እያዋሐዱ ያሳልፉ እንደነበር ጽፏል። መጽሐፉ የታተመው ከቱልሳው ሰገነት 13 ዓመት ቀድሞ ነው። ማስረጃው አደባባይ ላይ ተቀምጦ የሚያነበው አጥቶ ኖረ።

«ባርበርሾፕ» የሚለው ስም ነገርም ነበር። ብዙዎች ስሙ የተስፋፋው ጥቁሩ ኮሜዲያን በርት ዊሊያምስ ዝነኛ ባደረገው የ1910 ዘፈን ነው ይሉ ነበር። አቦት ግን በኢንዲያናፖሊስ ይታተም በነበረው ፍሪማን በተባለው የጥቁሮች ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የ1900 ጽሑፍ አገኘ። በብዕር ስም የሚጽፍ አንድ አምደኛ፣ ኖታ አንብበው የሚያዜሙ ጥቁር ኳርቴቶችን እድገት የሚያቀጭጨው ይህ የባርበርሾፕ አዘፋፈን ነው ብሎ ያማርራል። ለእኔ ከምስክሮቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ስሞታ ነው። አንባቢው የማያውቀውን ነገር አምደኛ አያማርርበትም፤ ዜማውና ስሙ ያን ጊዜ በጥቁሮች ዘንድ የታወቁ መሆናቸውን ሳያስበው መሰከረ። አቦት የሰበሰበውን በ1992 በአንድ የአሜሪካ ሙዚቃ ጥናት መጽሔት ላይ አወጣው።

ጥናቱ ማኅበሩ ውስጥም አንባቢ አገኘ። ጂም ሄንሪ በ1993 የማኅበሩን ሻምፒዮንነት ባገኘው ጋዝ ሀውስ ጋንግ በተባለ ኳርቴት ውስጥ የባስ ድምፅ ነበር። እሱ ደግሞ ዜማውን ራሱን መመርመር ያዘ፤ የባርበርሾፕን ሥር በተመለከተ የዶክትሬት ጽሑፉን በ2000 በሴንት ሉዊሱ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አቀረበ። እሱም የደረሰበት ሥር የጥቁሮቹ ነው።

ዜማውን የሚለየው አራቱ ድምፆች የሚሠሩት ኮርድ ነው። ዋናውን ዜማ ሊድ ይይዛል፤ ቴነር ከላይ፣ ባስ ከታች፣ ባሪቶን የጎደለውን እየሞላ በመሐል ይሄዳል። የተወደደው ሰባተኛ ኮርድ በትክክል ሲገጥም የአራቱ ድምፆች ንዝረት 4፣ 5፣ 6 እና 7 ሆኖ ይመጣጠናል። ከእነዚህ 7 የሚሆነው ድምፅ ፒያኖ ላይ የለም፤ ከፒያኖው ቁልፍ የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ዝቅ ይላል። ክራሩን በጆሮው የሚቃኝ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። አራቱ ቦታቸውን ሲይዙ ከእያንዳንዱ ድምፅ ጋር አብረው የሚወጡት ረቂቅ ድምፆች እርስ በርስ ይደጋገፉና ማንም ያላዜመው አምስተኛ ድምፅ ከላይ ይሰማል፤ አዚያሚዎቹ ኮርዱ «ደወለ» ይላሉ። እዚህ ቦታ ላይ የሚደርሱት ባልንጀሮቻቸውን በጥሞና የሚያዳምጡ ናቸው። ፒያኖም ኖታም በሌለበት ፀጉር ቤት ውስጥ፣ በጆሮ ብቻ የሚፈላለጉ ወጣቶች ይህን ቦታ አገኙት ማለት ለእኔ የሚደንቅም የሚታመንም ነው።

ሄንሪ በሚዙሪዋ ሴንት ቻርልስ የሚገኘውን አምባሳደርስ ኦፍ ሃርመኒ የተባለ ከመቶ በላይ ሰው ያለበትን ኮረስ ከሒሳብ ፕሮፌሰሩ ዴቪድ ራይት ጋር መርቷል፤ ኮረሱ በ2009 የማኅበሩን ዓለም አቀፍ ውድድር አሸንፏል። የዚህ ዓይነት ኮረሶችን በሕይወት የሚያቆዩት በየሳምንቱ ከሥራ በኋላ ለልምምድ የሚመጡ፣ ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። የሴቶቹም ታሪክ በር ከመዝጋት አልጸዳም። በ1945 በዚያችው ቱልሳ የተመሠረተው ስዊት አደላይንስ የተባለ የሴቶች ማኅበር ጥቁር ሴቶችን አላስገባም በማለቱ ተቃዋሚዎቹ ወጥተው በ1959 ሃርመኒ ኢንኮርፖሬትድን አቋቋሙ። የወንዶቹ ማኅበር ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ2018 ነው።

በባርበርሾፕ አዚያሚዎች ጉባኤ ሰሞን የሆቴሉ ኮሪደር እስከ ሌሊት አይተኛም። የማይተዋወቁ አራት ሰዎች ይቆማሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ «ታግ» የሚሉትን የዘፈን መጨረሻ ለእያንዳንዱ ድርሻውን በቃሉ ያስተምረዋል። ወረቀት የለም። ሰምቶ መያዝ፣ ሌላውን እያደመጡ የራስን ቦታ መፈለግ፣ ካልገጠመ እንደገና መጀመር ነው። ጆንሰን በ1925 ስለ ደቡቡ ፀጉር ቤቶች የጻፈውን የሚያስታውስ ነው።