40 ጆንያ ሙሌት ላብራቶሪ ሲገባ

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዡን ትንሽ እናቆየውና ዋጋውን ስለሚበላው ነገር እናውራ፤ ስለ ሙሌት።

ባለፈው ዓመት አንድ ኮንቴነር የታጠበ ይርጋጨፌ አገናኝቼ ነበር፤ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። አቅራቢው እጅ ላይ የነበረው ግን 280 ነው። የጎደለውን 40 ከሌላ አካባቢ በገዛው የዓምና ቡና ሞልቶ አስረከበ፤ ለላኪውም ለእኔም ትንፍሽ አላለም። ገዢው ዕቃው ሲደርሰው ከበሩ አጠገብ ብቻ አልቀመሰም፤ እስከ ውስጥ ድረስ ጆንያ እየወጋ ናሙና አወጣ። ቅምሻ ላይ አንዳንዱ "ጆንያ ጆንያ ይላል" ተባለ፤ ያረጀ ቡና ጣዕም ነው። ገዢው ቅናሽ ጠየቀ፣ ላኪው ከአቅራቢው ቆረጠ፣ አቅራቢው ካደ፣ የኔ ኮሚሽን መሃል ላይ ቀረ።

ያኔ የያዘን ምላስ ነው። በምላስ ካልተስማማን ደግሞ መሣሪያ አለ።

ብዙዎቻችን የሰማነው ሮቡስታን የሚለየውን ምርመራ ነው። ሮቡስታ ውስጥ 16-ኦ-ሜቲልካፌስቶል የሚባል ነገር አለ፤ አረቢካ ውስጥ ቢገኝም እጅግ ጥቂት ነው። ቢቆላም አይጠፋም፤ ስለዚህ ተፈጭቶ የታሸገውንም ያጋልጣል። እኛን ግን ይሄ ብዙ አያስጨንቀንም፤ የምንልከው አረቢካ ነው። የኛ ጣጣ የስም ነው። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር አገሪቱ ከስታርባክስ ጋር ተከራክራ በ2007 እ.ኤ.አ. የተስማማችባቸው ስሞች ናቸው፤ ዋጋ የሚያወጣውም ስሙ ነው።

ስምን የሚፈትሸው የአይሶቶፕ ምርመራ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በዝናብ ውኃ ውስጥ ቀላልና ከባድ ኦክስጅን አለ። ደመና ወደ ደጋ ሲወጣ ከባዱ ቀድሞ ይዘንባል፤ ከፍ ባለው ቦታ የሚወርደው ቀለል ያለ ነው። ተክሉ ያንን ይጠጣል፣ ፍሬው ይይዘዋል። ስትሮንቲየም ደግሞ ከድንጋዩ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ፍሬ ይገባል። ሰነድ ቢቀየር ይሄ አይቀየርም።

ግን ተአምር አይደለም። የሚመሳከርበት የታወቀ ናሙና ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። ጎረቤት የሆኑ፣ ዝናባቸውም አፈራቸውም የሚቀራረብ አካባቢዎችን መለየት ይከብዳል፤ ሐረርን ከጅማ መለየት ይርጋጨፌን ከጉጂ ከመለየት ይቀላል። መሣሪያው የሚያየውም የተሰጠውን ናሙና ብቻ ነው። የኔን ኮንቴነር አስቡት፦ 40ው ጆንያ ከ280ው ጋር በደንብ ቢደባለቅ ሙሌቱ 12.5 ከመቶ ነው፤ ሊያመልጥ ይችላል። ጆንያ በጆንያ ከተወጋ ግን ያ ጆንያ 100 ከመቶ ሌላ ቡና ነው።

ስለዚህ ላኪዎች፣ ሲጫን ቁሙ። ከየጆንያው የወጣውን ናሙና ሦስት ቦታ ክፈሉ፤ አንዱን ለገዢ፣ አንዱን ለአቅራቢ፣ አንዱን በጋራ ፊርማ አሽጋችሁ እናንተ ጋ። እኔ ይሄን ባደርግ ኖሮ "የኔ አይደለም" የሚለኝ አልነበረም።

ዩኒየኖች ደግሞ የየቀበሌውን ቡና በየዓመቱ አንድ አንድ ኪሎ፣ ቀንና ቦታ ጽፋችሁ አስቀምጡ። ማመሳከሪያው ገዢው ጋ ብቻ ካለ፣ ክርክር ሲነሳ በእሱ ሚዛን ነው የምትመዘኑት።

የዛሬው የሰሊጥና የቡና ዋጋ ከሰዓት በኋላ ይለቀቃል።