ስለ ርካሽ መንጠቆ ጥንካሬና በከፍታ ላይ ስለሚሠሩ ሰዎች ደኅንነት

ከቦሌ ተነሥቶ በገርጂ በኩል እስከ ሰሚትና አያት ድረስ ለሚሄድ ሰው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ በመሠራት ላይ ያሉ ፎቆች ይታዩታል። በብዙዎቹ ግድግዳ ላይ የባሕር ዛፍ አጣና መወጣጫ ቆሞ፣ ሠራተኞች በዚያ ላይ ሆነው ሲለስኑና ቀለም ሲቀቡ ይገኛሉ። አንዳንዱ ቀበቶ ታጥቆ የቀበቶውን ገመድ በመንጠቆ አያይዞ ይሠራል፤ ሌላው ግን ያለ ምንም መያዣ ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ያንን መንጠቆ ነው። ተራራ ወጪዎች ካራቢነር የሚሉት ይህ ዕቃ፣ የጥንካሬ ማረጋገጫ ሳይኖረው በርካሽ ሲሸጥ ምን ያህል ሊታመን ይችላል?

መንጠቆው የሰውን ክብደት ከቻለ ይበቃል የሚል አሳብ በቀላሉ ይመጣል። ክብደቱ 80 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ሲንጠለጠል በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ኀይል ከ0.8 ኪሎ ኒውተን አይበልጥም። አንድ ኪሎ ኒውተን የ102 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ነው። ይህን ያህሉንማ ደካማ መንጠቆም ሊችለው ይችላል። ነገር ግን የመንጠቆ እውነተኛ ፈተናው ሰው በተንጠለጠለ ጊዜ ሳይሆን ሰው በወደቀ ጊዜ ነው።

ለምሳሌ ይኸው ሰው 2 ሜትር ቢወድቅና ገመዱ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢያቆመው፣ በመውደቅ ያገኘው ጉልበት ሁሉ በዚያች አጭር ርቀት ማለቅ ስላለበት፣ አማካዩ ኀይል 8.6 ኪሎ ኒውተን ይሆናል፤ ይኸውም የክብደቱ 11 እጥፍ ነው። ገመዱ የማይለጠጥ ሆኖ በ10 ሳንቲ ሜትር ቢያቆመው፣ ኀይሉ ወደ 16.5 ኪሎ ኒውተን ከፍ ይላል።

ለተራራ መውጫ መንጠቆ የተደነገገው የአውሮፓ መለኪያ ቁጥር 12275፣ ተራው መንጠቆ ምላሱ ተዘግቶ በቁመቱ ሲሳብ ቢያንስ 20 ኪሎ ኒውተን እንዲችል ያዝዛል። በጎኑ ሲሳብ ወይም ምላሱ ተከፍቶ ሳለ ሲሳብ ግን የሚጠየቀው 7 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው። ስለዚህ ማረጋገጫ ያለው መንጠቆ እንኳ ምላሱ ሳይዘጋ ከቀረ፣ ከላይ ለገመትነው ውድቀት ዋስትና አይሆንም።

ታዲያ ማረጋገጫ የሌለው መንጠቆ ጉድለቱ ምንድን ነው? ሁልጊዜ ደካማ ነው ማለታችን አይደለም። ከአንድ ሣጥን የወጡ አምስት መንጠቆዎች ተስበው በ23፣ በ22፣ በ23፣ በ22 እና በ22 ኪሎ ኒውተን ተሰበሩ እንበል። ከሌላ ሣጥን የወጡት አምስት ደግሞ በ30፣ በ27፣ በ24፣ በ19 እና በ12 ተሰበሩ እንበል። የሁለቱም አማካይ 22.4 ነው። ነገር ግን ሠራተኛው የሚታጠቀው አማካዩን ሳይሆን አንዱን መንጠቆ ነው፤ ያም 12ቱ ሊሆን ይችላል። የማረጋገጫ ዋናው ጥቅም ብረቱ፣ የሙቀት አያያዙና አሠራሩ ከቁራጭ ቁራጭ እንዳይለያይ መቈጣጠሩ ነው። ከዚንክ ቀልጦ የተሠራ መንጠቆ ከጥሩ ብረት መንጠቆ ይልቅ ሊያብረቀርቅ ይችላል፤ በላዩ ቁጥር ማተምም ለማንም አይከብድም። በዐይን አይቶ መለየት አይቻልም።

የመንጠቆው ጥንካሬ ብቻውን ግን ደኅንነት አይደለም። ይህን ለመረዳት ከአዲስ አበባ ራቅ ብለን፣ በከፍታ ላይ ገመድ መጠቀም የቆየ ልማድ የሆነበትን የደብረ ዳሞን ገዳም እንመልከት። በትግራይ ወዳለው ወደዚህ ገዳም የሚወጣ እንግዳ 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ገመድ ይወጣል። አንዱን ገመድ በእጁ ይይዛል፤ ሁለተኛው በወገቡ ታስሮ ከላይ ያሉት ሰዎች እየሳቡ ይይዙለታል። በጠፍሩ ላይ የታተመ ቁጥር የለም። ሆኖም ገመዱ ሳይረግብ ከላይ ስለሚያዝ፣ እግር ቢያዳልጥ ውድቀቱ አጭር ነው። በእኛም ስሌት ውድቀቱ ከ2 ሜትር ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ቢያጥር፣ 8.6 የነበረው ኀይል ወደ 2.7 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስባቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ሦስቱ የጥንካሬ ቁጥሮችና የማረጋገጫ ምልክቱ ያልተጻፈበት መንጠቆ ሰው አይያዝበት፤ ምልክቱም ሊመሰል ስለሚችል ሻጩ የፈተናውን ወረቀት ያቅርብ። ሁለተኛ፣ ገመዱ ከእግር በታች ሳይሆን ከራስ በላይ ይታሰር፤ የሚታሰረውም በሚስማር በተያያዘው አጣና ላይ ሳይሆን በሕንፃው ምሰሶ ላይ ይሁን። ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ ውድቀት የያዘ መንጠቆ ተመልሶ አይታጠቅ።

መንጠቆውን የሚገዛው ሠራተኛው ራሱ መሆን የለበትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቀው ደግሞ ሌላ ነው። የብረት መጎተቻ መሣሪያ ባለበት ቤተ ሙከራ ሁሉ፣ ከገበያ ከአንድ ሣጥን ጥቂት መንጠቆዎች ገዝቶ እስኪሰበሩ መሳብና ውጤቱን መጻፍ ይቻላል። የሚጠፋው ጥቂት ብረት ነው፤ ሊድን የሚችለው ግን በአጣናው ላይ የቆመው ሰው ነው።