ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚነገረው

ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ የሚኖር ሰው «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል» ከተባለ መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይጻፍለታል። ለገላኑ ሰው ቅርቡ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው፤ ሕመሙ ከበድ ካለ ጳውሎስ ወይም ጥቁር አንበሳ ይደርሳል። በየደረሰበት አዲስ ካርድ ይወጣለታል፣ አዲስ ሐኪም ያየዋል፣ እሱም ታሪኩን እንደገና ከሀ ይጀምራል። ወረቀቱ አብሮት ይጓዛል፤ የተጻፈው ግን እሱ በማያነበው እንግሊዝኛ ነው። ይህ ሰው ድኖ ቤቱ ገብቶ ጎረቤት ሊጠይቀው ሲመጣ የሚያወራው ስለ ስፌቱ ጥራት ወይም ስለ ማደንዘዣው ዓይነት አይደለም፤ ያንን የሚመዝንበት ዕውቀት የለውም። «ቁጭ ብሎ አስረዳኝ» ወይም «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም» ነው የሚለው። የሆስፒታል አስተዳደሮች እንዲህ ያለውን ምስክርነት ከመስተንግዶ ይቆጥሩታል፤ ከንጹሕ ሽንት ቤትና ከካርድ ክፍል ፈገግታ ጋር፣ ቢኖር ደስ የሚል፣ ቢጎድል ግን ሕክምናውን የማያጎድል ነገር አድርገው። እኔ በዚህ አልስማማም። የሐኪሙ ገለጻ ራሱ ከሕክምናው አንዱ ክፍል ነው፤ የታካሚው እርካታም ይህ ክፍል መሰጠቱን ወይም መዘለሉን ይጠቁማል።

ለዚህ ጥሩው ማስረጃ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የማደንዘዣ ሐኪሙ ሎረንስ ኤግበርትና ባልደረቦቹ ቦስተን በሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የሆድ ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ 97 ታካሚዎችን በሁለት ቡድን ከፈሉ። አንደኛው ቡድን እንደ ወትሮው ታከመ። ሁለተኛው ቡድን ግን ኦፕራሲዮኑ ሊደረግ በዋዜማው ማደንዘዣ ሐኪሙ አልጋው ድረስ ሄዶ አነጋገረው፦ ሕመሙ የት እንደሚሰማ፣ ምን ያህል እንደሚበረታና እስከ መቼ እንደሚቆይ፤ የሚብሰው በቁስሉ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች ሲኮማተሩ መሆኑን፤ ሰውነትን እንዴት ማላላትና ሳያስጨንቁ መገላበጥ እንደሚቻል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒት መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ። ቀዶ ሐኪሞቹ ገለጻ የተሰጠው ማን እንደሆነ አልተነገራቸውም። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ፣ ገለጻ የተሰጣቸው ታካሚዎች የወሰዱት የሕመም ማስታገሻ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ወረደ፤ በአማካይም 2.7 ቀን ቀድመው ወደ ቤታቸው ተሰናበቱ። ልዩነቱ የመጣው ያለ አዲስ መድኃኒትና ያለ አዲስ መሣሪያ ነው። በእኛ ሁኔታ እነዚህ ቀናት ምን ማለት እንደሆኑ ወለል ላይ ፌስታል አንጥፋ የምታድር አስታማሚ ታውቃለች፤ የእሷ የቀን ገቢ፣ የታክሲው፣ ከቤት የሚመጣው ምግብ፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ሌላ ታካሚ የተያዘው አልጋ አብረው ይቆጠራሉ።

ንግግር ይህን ማድረግ የሚችልባቸው መንገዶች ምሥጢር የላቸውም። ያልጠበቁት ሕመም አደጋ ይመስላል፤ የሚያስፈራ ነገር ጡንቻን ያጠብቃል፣ የጠበቀ ጡንቻ ቁስልን ይስባል፣ ሕመሙ ይብሳል። ሁለተኛው መንገድ ከዚህም ቀላል ነው፦ ምክንያቱን ያወቀ ሰው የታዘዘውን ይፈጽማል። «ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ» ተብሎ የተነገራቸውን እናት እንውሰድ። የተነገራቸው ክልከላው ብቻ ነው። ሲነጋ ልጃቸው «ባዶ ሆድሽን እንዴት ያን ሁሉ ትችያለሽ?» ብላ አንድ ብርጭቆ ወተት ታጠጣቸዋለች፤ ፍቅር ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ሲጠየቁ እውነቱን ይናገራሉ፣ ይሰረዛል፣ ቀጠሮው ሳምንታት ይገፋል። ወተቱ ሳይታወቅ ገብተው ቢሆን ኖሮ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ማደንዘዣ ሲሰጥ የማሳልና የመዋጥ መከላከያ ስለሚዝል በጨጓራ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባና ሊገድል ይችላል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለእናትየውም ለልጅየዋም መንገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግን ስለ ጊዜ ነው፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። በአገራችን ለ10 ሺህ ሰው ያለው ሐኪም አንድ ገደማ ነው። በር ላይ የቆመውን ሰልፍ እያየ አንድ ሐኪም «ላውራ?» ቢል ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ጊዜው የት እንደሚሄድ ሲለካ የተገኘው ሌላ ነው። ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ እንዳሳዩት ሐኪሞች ታካሚውን የሚያቋርጡት በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ ነበር። ባይቋረጥስ ምን ያህል ያወራል? በስዊዘርላንድ ባዝል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ይህንኑ ጠየቀ፤ ማዳመጥ የሠለጠኑ ሐኪሞች ዝም ብለው 335 ታካሚዎችን አስጨረሱ። በአማካይ 92 ሰከንድ ነው የወሰደው፤ ከመቶ 78ቱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሳቸው ጨርሰዋል። ታካሚ ከተፈቀደለት ቀኑን ሙሉ ያወራል የሚለው ፍርሃት ከመረጃው ይልቅ ከድካም የሚወጣ ይመስለኛል። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ደግሞ አንድ የነርቭና የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ከኦፕራሲዮን የወጡ 120 ታካሚዎችን ሲጎበኝ ገሚሱን ቆሞ፣ ገሚሱን ተቀምጦ እንዲያነጋግር ተደረገ። በሁለቱም ከአንድ ደቂቃ ተኩል ላነሰ ጊዜ ነው የቆየው። ቆሞ ያነጋገራቸው ከሦስት ደቂቃ ተኩል በላይ የቆየ መሰላቸው፤ ተቀምጦ ያነጋገራቸው ከአምስት ደቂቃ በላይ። «በእኛ ዎርድ ወንበሩስ ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። በርጩማ ከሲቲ ስካን ይረክሳል።

ከጊዜው ይልቅ የሚያሳስበኝ የጠዋቱ ራውንድ ነው። በማስተማሪያ ሆስፒታል ስፔሻሊስቱ፣ ሬዚደንቱ፣ ኢንተርኑና ተማሪዎቹ አልጋውን ይከቡታል፤ ስለ ተኛው ሰው በእንግሊዝኛ ይወራል፣ ብርድ ልብሱ ይገለጣል፣ ቁስሉ ይታያል፣ አንዱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደሚቀጥለው አልጋ ይኬዳል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሐኪሞቹን መውቀስ አይገባም። ይሁን እንጂ ታካሚው ከንግግሩ ምንም ስላልያዘ ከፊታቸው ያነባል፤ ያችን የራስ መነቅነቅ ሌሊቱን ሙሉ ያብሰለስላታል። ከገላን ፋብሪካዎች ወይም ከሱሉልታ ገጠር ለመጣና አፋን ኦሮሞ ብቻ ለሚናገር ሰው ነገሩ ድርብ ነው። አስተርጓሚ ተብሎ የተቀጠረ ሰው ስለሌለ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጥበቃው ወይም አጠገቡ የተኛው ታካሚ ያስተረጉማል፤ ስለ ሽንትና ስለ ማሕፀን የሚጠየቅ ጥያቄ በባዕድ ሰው አፍ ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደሚጎድል መገመት አያዳግትም። ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት የፌስቱላ ሆስፒታል ለዚህ ያገኘው መላ እስካሁን በቂ ትኩረት አላገኘም፦ ድነው የቀሩ የቀድሞ ታካሚዎች የነርስ ረዳት ሆነው ሠሩ። አዲስ የገባችው ሴት የሚያነጋግራት ሰው ያንኑ አልጋ የሚያውቅ፣ ብዙ ጊዜም ቋንቋዋን የሚናገር ነው። ከሐኪሙ የሚቀነስ ደቂቃ የለም።

ሌላው ተቃውሞ ባህል ነው። እኛ ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አንናገርም፤ መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። የሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች፣ ሐኪሞች ከባድ የምርመራ ውጤትን በቀጥታ ለታካሚው ሲነግሩት ምን ያህል እንደሚከፉ፣ ዜናው አስቀድሞ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ እንዲነገር እንደሚጠብቁ አሳይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲህ አለመንገር ይሻላል» የሚል ግን ባህሉን አሳጥሮታል። መርዶ ዞሮ ዞሮ ይነገራል፤ ደንቡ የሚወስነው በማን አፍ፣ መቼና በማን ፊት የሚለውን ነው። ሐኪሙም ገና ናሙና ሲወሰድ «ውጤቱ ሲመጣ ማን አብሮዎት እንዲሰማ ይፈልጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ጡቷ ለምን እንደሚነሣ ሳይነገራት ወንድሟ የፈረመላት ሴት ቁስሏ ሲድን ለኬሞቴራፒ የምትመለስበት ምክንያት የላትም፤ በእሷ ቤት በሽታው ተቆርጦ ወጥቷል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ራሱን እርካታን የሚጠራጠር ነው፤ እኔም በከፊል አብሬው ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጆሹዋ ፌንተንና ባልደረቦቹ 52 ሺህ ገደማ አሜሪካውያንን ተከታትለው በሐኪሞቻቸው እጅግ የረኩት ለመድኃኒት ብዙ ወጪ የሚያወጡ፣ አዘውትረው ሆስፒታል የሚተኙ፣ የመሞት ዕድላቸውም ከሁሉ ያነሰ ከረኩት 26 በመቶ የበለጠ ሆነው አገኟቸው። አንዱ ሌላውን አመጣ ለማለት ጥናቱ አይበቃም፤ ቢሆንም የጠየቁትን ሁሉ እሺ የሚል ሐኪም ሊወደድና ሊጎዳም እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የሐኪምና የታካሚ ግንኙነትን የፈተኑ 13 ጥናቶችን እ.ኤ.አ. በ2014 ያጠቃለለ ሥራም በጤና ላይ ያለው ለውጥ እውነተኛ ግን ትንሽ ነው ብሏል። በእኛ ዘንድ ደግሞ የእርካታ መጠይቅ ሌላ ሕመም አለበት፦ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «ረክተዋል?» ሲል «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ምን ጎደለኝ» የማይል ማን ነው? ሕይወቱ የተረፈለት ሰው ማጉረምረም ያፍራል፤ ነገም ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ዓላማ ማድረጉ ትክክል ቢሆንም ርኅራኄ በፈገግታ ቢለካ ብዙ አያራምድም። የሚለካ ነገር አለ። ታካሚ ከሐኪም ከሰማው ከ40 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ወዲያው እንደሚረሳ ከጥናቶች ይታወቃል፤ «ገባዎት?» ሲባል ደግሞ ሁሉም «አዎ» ነው የሚለው። የተሻለው ጥያቄ «እማማ፣ ቤት ሲገቡ ልጅዎ ‹ዶክተሩ ምን አለሽ?› ቢልዎት ምን ይሉታል?» ነው። የተሳሳተው እዚያው ይታያል፣ እዚያው ይታረማል። መጠይቁም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። በመውጫው ቀን፣ ሐኪሙ በሌለበት፣ በራሳቸው ቋንቋ አራት ነገር ይጠየቁ፦ ምን ተደረገልዎት? ከሆድዎ የወጣ ነገር አለ? ስፌቱ መቼ፣ የት ይወጣል? ምን ሲያዩ ነው ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚመለሱት? አራቱንም የመለሱ እናት ገላን ጤና ጣቢያ ስፌት ሊያስወጡ ሲሄዱ፣ እዚያ ያለችው ነርስ የእንግሊዝኛውን ወረቀት ባትጨርሰው እንኳ፣ የሚያስፈልጋትን ከእሳቸው ትሰማለች።