ዶሮዎቹ ተከትበዋል፤ ታዲያ ሳልሞኔላው ከየት መጣ?

በቅርቡ አንዲት እናት የላቦራቶሪ ውጤት ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ውጤቱ ግን የእርሳቸው ሳይሆን የዶሮዎቻቸው ነበር። በግቢያቸው እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያረባሉ፤ ለዶሮ ታይፎይድም አስከትበዋል። ከሳምንታት በኋላ የተወሰኑት ሲሞቱባቸው ናሙና ተመረመረና «ሳልሞኔላ ተገኝቷል» ተባሉ። «ዶክተር፣ እንቁላሉን ለልጆቼ ስሰጥ ነው የከረምኩት፤ ታይፎይድ ያዛቸው ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጎረቤት ደግሞ ለሁሉም ልጆች የታይፎይድ መድኃኒት እንዲገዙ መክሯቸዋል።

እዚህ ላይ ስሙ ያሳስታል። ሳልሞኔላ ከ2 ሺህ 500 በላይ ዓይነቶች ያሉት የባክቴሪያ ወገን ነው። የሰው ታይፎይድ መነሻ ሳልሞኔላ ታይፊ ሲሆን፣ የሚኖረው በሰው ውስጥ ብቻ ስለሆነ ከዶሮ አይመጣም። የዶሮ ታይፎይድን የሚያመጣው ሳልሞኔላ ጋሊናረም ደግሞ ዶሮን ይፈጃል እንጂ ሰውን የሚያሳምመው ከስንት አንዴ ነው። ከእንቁላልና ከዶሮ ሥጋ ወደ ሰው በብዛት የሚተላለፉት ሳልሞኔላ ኢንተሪቲዲስና ሳልሞኔላ ታይፊሙሪየም ናቸው። ስለዚህ «ሳልሞኔላ ተገኝቷል» የሚለው ውጤት ግማሽ መልስ ነው።

የቀረው ግማሽ «ከበሽታው ነው ወይስ ከክትባቱ?» የሚለው ነው። ለዶሮ ታይፎይድ በብዙ አገሮች የሚሰጠው 9አር የተባለው ክትባት በውስጡ ያለው ባክቴሪያ አልሞተም፤ የማሳመም አቅሙ ተዳክሟል እንጂ። በተከተበች ዶሮ አካል ውስጥም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ናሙናው በዚያ ጊዜ ከተወሰደ ላቦራቶሪው ያገኘው ክትባቱን ራሱን ሊሆን ይችላል። የተገኘው በሽታ አምጪው ከሆነ የቀሩት ዶሮዎች አደጋ ላይ ናቸው፤ የታመሙትን መለየትና ቤቱን በኬሚካል ማጽዳት ይከተላል። ክትባቱ ከሆነ ግን የሞታቸው ምክንያት እንደ ፈንግል ያለ ሌላ በሽታ እንዳይሆን መፈለግ ይገባል።

ሁለቱን መለየት ይቻላል። 9አር ከውጫዊ ሽፋኑ አንድ ክፍል ስለጎደለው በላቦራቶሪ ማሳደጊያ ላይ ሲበቅል ሻካራ ሆኖ ይታያል፤ በሽታ አምጪው ግን ለስላሳና ጠርዙ የተስተካከለ ነው። በጨው ውሃ ጠብታ ውስጥ ሲበጠበጥም 9አር ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቋጠራል፤ ሌላው የሚቋጠረው ለእርሱ የተዘጋጀ ፀረ-አካል ሲጨመርበት ነው። የበለጠ እርግጠኛ የሚያደርገው በክትባቱ ዘረመል ላይ ያለውን የታወቀ ለውጥ የሚያነበው የፒሲአር ምርመራ ነው። የዶሮዋ ደም ምርመራ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የተከተበችም የታመመችም ዶሮ ፀረ-አካል ልታሳይ ትችላለችና።

ጉዳዩ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ከአውሮፓ ኅብረት እንይ። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ደንብ፣ አምራቹ ከበሽታ አምጪው የሚለይበትን ዘዴ ያላቀረበለት ሕያው የሳልሞኔላ ክትባት ለዶሮ እንዳይሰጥ ከልክሏል። በዚህም ምክንያት በዚያ ያሉት ክትባቶች ምልክት አላቸው። አንዱ አደኒንና ሂስቲዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ካልተጨመሩለት አይበቅልም፤ ሌላው በተወሰኑ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒቶች ሲፈተን በሚያሳየው ባሕርይ ይታወቃል።

ዶሮ የምታረቡ አንባቢያን፣ ናሙና ስታስመረምሩ የክትባቱን ስም፣ የተሰጠበትን ቀንና ለዶሮዎቹ የሰጣችሁትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ። ውጤቱ ሲመጣም «የትኛው ሳልሞኔላ ነው? የክትባቱ ነው ወይስ የበሽታው?» ብላችሁ የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ። በክትባቱ ሰሞን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በውሃ መስጠት ሕያው ክትባቱን ሊገድለው እንደሚችልም አትዘንጉ።

ለሁላችንም የሚሆነው ምክር ደግሞ ይህ ነው፦ ዶሮዋ መከተቧ እንቁላሉን በጥሬው ለመጠጣት ፈቃድ አይሰጥም። ለጉልበት ብላችሁ ጥሬ እንቁላል የምትጠጡ ተዉት። አስኳሉ እስኪጠነክር፣ የዶሮ ሥጋም እስከ ውስጡ ቢያንስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ እስኪበስል ይቆይ። ዶሮ የተበለተበትን ቢላዋና መክተፊያ ሳታጥቡ ሰላጣ አትክተፉበት። እንቁላል ከሰበሰባችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ከምግብ የሚመጣው የሳልሞኔላ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ በትኩሳት፣ በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው በቂ ፈሳሽና ኦአርኤስ እየወሰደ ያለ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ይድናል። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ትኩሳቱ ከበረታ ማንም ሰው ሊታይ ይገባዋል።

የእኚያ እናት ልጆች ሲመረመሩ ደህና ስለነበሩ መድኃኒት አላዘዝኩም። እናትየው ግን ወደ እንስሳት ሐኪማቸው ተመልሰው ዝርያው እንዲለይ ጠየቁ። የተገኘው በሽታ አምጪው እንጂ ክትባቱ አልነበረም። ነገሩ ሲጣራ፣ ዶሮዎቹ በተከተቡበት ሳምንት «እንዳይታመሙ» ብለው ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት በውሃ ሲሰጧቸው ነበር። ክትባቱ ሥራውን ሳይጀምር የከሸፈው በዚህ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ግማሽ መልስ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ በሚቀጥለው ዙርም ያንኑ ይደግሙት ነበር።

መልካም ጤንነት!