«35 ሺህ ብር» የተባለው መኪና ዓባያ ደርሶ ሲመለስ ስንት ያወጣል?

ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ፦ የሰባት ቀን የሐይቅ ዳር ጉዞ ሒሳብ

«አባዬ፣ ባሕር መቼ ነው የምታሳየን?»

ጥያቄው ለአንድ ወዳጄ ከልጆቹ የቀረበለት ነው። ወዳጄ መርካቶ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። የተወለደው ግን ወላይታ ሶዶ፣ በሆስፒታሉ ስሙ ከታወቀው ኦቶና ሰፈር ነው። እናቱ ዛሬም እዚያው ናቸው። ልጆቹ አያታቸውን የሚያውቁት በስልክ ነው። ስለዚህ ባሕሩንም አያትንም በአንድ ጉዞ ሊያሳያቸው ቆረጠ።

ባሕር ከየት ይመጣል? ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ደግነቱ አማርኛችን በዚህ በኩል ቸር ነው፤ ጣና ዳር የተቆረቆረችውን ከተማ «ባሕር ዳር» ብሎ ሰይሟታል። በዚህ ሚዛን ከተመዘነ ከባቱ (ዝዋይ) እስከ ጫሞ በስምጥ ሸለቆ የተደረደሩት ሐይቆች ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ባሕር ዳር ናቸው። የወዳጄ ሶዶም መንገድ ላይ ናት።

ችግሩ መኪናው ነው። ወዳጄ የራሱ መኪና የለውም። ለጉዞው የሚያወጣው ገንዘብ ደግሞ ለሚቀጥለው ዕቃ ማስጫኛ ካስቀመጠው ነው። ከታሰበው በላይ ከወጣ የሚጎድለው ከሱቁ መደርደሪያ ነው ማለት ነው። ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ ይዞ መጣና «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምሬአለሁ ትላለህ፤ እስቲ የትኛው ይሻላል?» አለኝ። የመኪና ኪራይ እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ ወቅቱ ይለያያልና አንባቢ ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ የተጠጋጉ ምሳሌዎች አድርጎ ይያዝልን። ዋናው ነገር የአሠራሩ መንገድ ነው።

ሦስቱ ዋጋዎች

የመጀመሪያው አከራይ በቀን 5,000 ብር ይላል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 20 ብር ያስከፍላል። ሁለተኛው በቀን 6,000 ብር ይጠይቃል፤ የኪሎ ሜትር ገደብ ግን የለበትም። ሦስተኛው በደላላ የመጣ ነው። በቀን 4,000 ብር፣ ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ፤ «የሰው መኪና ነው፣ ቆሞ ከሚውል ብሎ ነው» ተብሏል።

ወዳጄ ልቡ ሦስተኛው ላይ ነበር። ካልሆነም የመጀመሪያው። ሰባት ቀን በ5,000 ሲባዛ 35,000 ብር ነው። «ሁለተኛው 42,000 ብር ይደርሳልና ተወው» አለኝ።

እስቲ ቁጭ ብለን እንደምረው። መንገዱ እንዲህ ነው፦ አዲስ አበባ–ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ላንጋኖ–ሐዋሳ 75፣ ሐዋሳ–ሶዶ በሻሸመኔና በሐላባ 155፣ ሶዶ–አርባ ምንጭ 120፣ መልሶ ሶዶ 120፣ ከሶዶ በሆሳዕናና በቡታጅራ አዲስ አበባ 330። ድምሩ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ እንግዲህ መኪናው ከዋናው መንገድ ካልወጣ ነው። ነገር ግን ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው ከመንገድ ይወጣል። ከአረካ አለፍ ብሎ ያለውን የአጆራ መንታ ፏፏቴ ለማየት ብቻ ከሶዶ ደርሶ መልስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ሐይቆቹ ዳርቻ መግባት፣ ዘመድ መጠየቅ፣ ገበያ መውጣት ሌላ 100 ይበላል። 1,200 ብለን እንያዘው።

የመጀመሪያው ውል በሰባት ቀን የሚፈቅደው 700 ኪሎ ሜትር ነው። ትርፉ 500 ኪሎ ሜትር፣ በ20 ብር ሲባዛ 10,000 ብር። ኪራዩ 45,000 ሆነ ማለት ነው። 15 በመቶ ቫት 6,750 ብር ይጨምራል። የሹፌር አበል ለስድስት ሌሊት፣ በ1,000 ብር ቢታሰብ፣ 6,000 ብር። ጠቅላላው 57,750 ብር። 35,000 የተባለው መኪና ነዳጅ ሳይቀዳ በ65 በመቶ ወጣ!

ሁለተኛውስ? 42,000 ብር፣ ቫቱ 6,300፣ አበሉ ያው 6,000። ድምር 54,300 ብር። «ውድ» የተባለው በ3,450 ብር ረከሰ።

ሚስጥሩ ያለው በኪሎ ሜትሩ ላይ ነው። ሁለቱ ውሎች የሚተካከሉት 1,050 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከዚያ በታች የሚሄድ ገደብ ያለውን፣ ከዚያ በላይ የሚሄድ ገደብ የሌለውን ይያዝ። የእኛ መንገድ ባዶውን 1,000 ነው። የአጆራን ፏፏቴ ማየትና አለማየት ብቻ የውሉን ምርጫ ይገለብጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ አከራይ ቤት ከመሄድ በፊት መንገዱን በወረቀት ማስፈር ይቀድማል። ብዙ ሰው ግን የሚያደርገው በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቅና ከዚያ የት እንደሚሄድ ያስባል።

ርካሹ ለምን ተጣለ?

የደላላው መኪና 28,000 ብር ነው። ከሁለቱም በጣም ያንሳል። ታዲያ ለምን አልተመረጠም?

ለግል አገልግሎት የተመዘገበ መኪና መድን የሚገባው ለግል አገልግሎት ነው። ተከራይቶ ሲሠራ ጉዳት ከደረሰበት የመድን ድርጅቱ «ከውሉ ውጪ ነው» ብሎ ካሣውን ሊከለክል ይችላል። በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ የመኪናውን የራሱን ጉዳት አይሸፍንም። የወዳጄ የሱቅ ጎረቤት ይህን በኪሱ ተምሮታል። በእንዲህ ዓይነት መኪና ዘመድ ሊቀብር ወጥቶ ከገደል አፋፍ ተጋጨ። ሰው አልተጎዳም። የመኪናው ባለቤት ግን መጥቶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመ። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ደላላው ስልክ አያነሳም። ጥገናው የተከፈለው ከሱቁ ካዝና ነው። የ10 እና የ20 ሺህ ብር ቅናሽ የመኪና ሙሉ ዋጋ ዋስ የሚያደርግ ከሆነ ቅናሽነቱ ምኑ ላይ ነው?

ስለዚህ ከመፈረም በፊት ሊብሬውን ተመልከቱ፤ ለንግድ የተመዘገበ (በለመድነው አጠራር ኮድ 3) መሆኑን አረጋግጡ። የመድን ሰነዱ ሙሉ ኢንሹራንስ መሆኑን፣ የአገልግሎት ዘመኑ ያላለፈ መሆኑን፣ ጉዳት ሲደርስ ከተከራዩ የሚቀነሰው ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ስማችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ። በርክክቡ ዕለት እያንዳንዱን ጭረት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስኮርታው የተነፋ፣ ክሪኩ የሚሠራ፣ ቦሎው የተለጠፈ ይሁን። ያስያዛችሁት ገንዘብ የሚመለስበት ቀንም በጽሑፍ ይስፈር።

ነዳጁና መንገዱ

በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚወስድ መኪና ለ1,200 ኪሎ ሜትር 120 ሊትር ይፈልጋል። የዕለቱን ዋጋ እያባዙ ማየት ነው። ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ ሀገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል እንዲሆን ተደርጓልና ብር በቦርሳ ብቻ ይዞ መውጣት አያዋጣም። ሐዋሳና ሶዶ ላይ ጋኑን መሙላት ይመረጣል። በጠርሙስ የሚሸጥ ነዳጅ ሞተር ይጎዳል፤ የኪራይ መኪና ከሆነ ደግሞ ዕዳው የእናንተ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያቀርቡ አከራዮች አሉ። ለከተማ ጥሩ ነው። ለዚህ መንገድ ግን በምታድሩበት ከተማ ሁሉ መሙያ መኖሩን በስልክ ሳታጣሩ አትነሱ።

ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ አለ። ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ ለዋና የታወቀ ነው፤ ልጆች የሚዋኙት እዚያ ነው። ሐዋሳ ላይ በማለዳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ይወጣል። ሐላባ ስትደርሱ የበርበሬው አገር ነው። ከሶዶ ወደ ሁምቦ ወርዶ በምዕራብ ዓባያ በኩል አርባ ምንጭ የሚገባው መንገድ ግን ከሁሉም በላይ የባሕር ዳር መንገድ የሚባለው ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በስፋቱ ትልቁ ዓባያ በስተግራ ይታያል፤ ወንዞች በሚያመጡት አፈር ቀልቶ። ዓባያና ጫሞ ውስጥ መዋኘት የለም፤ አዞ አለ። ጫሞ ላይ «አዞ ገበያ» የሚባለው ቦታ በጀልባ የሚታየው በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል። አርባ ምንጭ ቆላ ናትና አጎበር ያለው ማደሪያ ምረጡ። ሲመለሱ ላንቴና ጫኖ አካባቢ የአርባ ምንጭ ሙዝ ከማሳው ሥር ይገዛል።

ሶዶ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ስብሰባ ባለበት ሰሞን፣ በመስከረምም በጊፋታ በዓል፣ አልጋ ይጠባልና አስቀድሞ መያዝ ይበጃል። ማታ መንዳት ይቅር። ከመነሳታችሁ በፊትም የዚያን ሰሞን የመንገዱን ጸጥታ በዚያው መስመር ከሚመላለሱ ሹፌሮች ጠይቁ።

የእናት ጥያቄ

ወዳጄ ሁለተኛውን ውል ፈረመ። ማታውኑ ለእናቱ ደወለና ዕቅዱን ዘረዘረላቸው፤ ላንጋኖ አንድ ሌሊት፣ ሐዋሳ ሁለት፣ ሶዶ አንድ፣ አርባ ምንጭ አንድ፣ ሲመለስ ሶዶ አንድ።

እናቱ ስለ መኪናውም ስለ ዋጋውም አልጠየቁም። «እኔ ቤት ስንት ሌሊት ታድራላችሁ?» ብቻ አሉ።

«ሁለት።»

ዝም አሉ።

ወዳጄ በማግስቱ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ከሐዋሳ አንዱን ሌሊት ሰርዞ ለሶዶ አዛውሮታል። «ሒሳቡን እይልኝ» አለኝ። አየሁት። መንገዱ ያው ነው፣ ሌሊቱም ያው ስድስት ነው፣ ኪራዩ በአንዲት ሳንቲም አልተለወጠም።